ኮርቻው ሲወርድ

የሥራ ባልደረባዬ፣ ገና ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ለምሳ ከቢሮ ወጥተን ወደ አራት ኪሎ እየወረድን ሳለ፣ «ዘንድሮስ ጥር 23ን ከእኛ ጋር ትውላለህ ወይስ እንደ ወትሮው ምክንያት ትፈልጋለህ?» ሲል ጠየቀኝ። ሰውየው የአዊ ተወላጅ ነው። አጎቱ ከእንጅባራ ከተማ ወጣ ብሎ ባንጃ ውስጥ የሚኖሩ ገበሬና የፈረሰኞች ማኅበር የቆዩ አባል ናቸው። እኔም ላለፉት ሦስት ዓመታት ይህንኑ ግብዣ አንድ ጊዜ በሥራ ብዛት፣ አንድ ጊዜ በመንገዱ ሁኔታ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በግልጽ ስንፍና ሳሳልፈው ቆይቻለሁ። በዚህኛው ጊዜ ግን «እናያለን» ማለቱ አሳፈረኝና፣ መሄዱ የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን በቅጡ መርምሬ እስከ ጥምቀት ዋዜማ መልስ እንደምሰጠው ቃል ገባሁለት። ከዚህ በታች የማሰፍረው ያንን ምርመራ ነው። ነገሩ የአንድ ቀን በዓል ጉዳይ ቢመስልም፣ ገንዘብም ጊዜም አንድ የቆየ ቅያሜም ስላለበት በአጭሩ አላለቀልኝም።

በዓሉን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዓመታዊ በዓሉ ጥር 23 ቀን በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ በእንጅባራ ይከበራል። ሰባቱ ቤቶች አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው፤ ትውፊቱም የሰባት ወንድማማቾች ዘር ያደርጋቸዋል። ማኅበሩ የቆመው በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለመዘከር ነው። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ የዓድዋ ድልም የካቲት 23 ነውና ሁለቱ በዓላት የሚራራቁት በልክ በአንድ ወር ነው። ጊዮርጊስ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ከነጭ ፈረሱ ወርዶ አይታይም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ ግን የምሥረታው ዓመት ነው። በ1932 ዓ.ም. ጣሊያን ገና ከአገር አልወጣም ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። እዚህ ዋና ከተማው ውስጥ ወራሪው የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ከነፈረሱ ከመቆሚያው ላይ አንሥቶት ነበር። እንግዲህ አዲስ አበባ የዓድዋን ፈረስ በተቀማችበት ዘመን፣ የአገው ገበሬዎች ለዓድዋ ፈረሶች ማኅበር እያቋቋሙ ነበር ማለት ነው። ይህን አስቤ ስጨርስ ውሳኔው ግማሽ በግማሽ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሆኖም አንድ በዓል ክቡር ታሪክ ስላለው ብቻ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መታየት አለበት አይባልም፤ ታሪኩን ቤት ተቀምጦ ማንበብ ይቻላል።

ስለዚህ ጥያቄዬን ጠበብ አደረግሁት፤ እዚያ ሄጄ የማየው፣ እዚህ ተቀምጬ ላየው የማልችለው ነገር ምንድን ነው?

እኔ ያደግሁት በራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ነው። ከዚያ ተነሥቼ ወደ መርካቶ አቅጣጫ ብሄድ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን አገኛለሁ፤ ወደ ልደታ ብወርድ ባልቻ ሆስፒታል አለ፤ ፒያሳን አልፌ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ብወጣ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ ሆነው ይጠብቁኛል። የእነዚህን ሰዎች የፈረስ ስም ብጠየቅ ሳልደነቃቀፍ እዘረዝራለሁ፦ አባ ቃኘው፣ አባ መላ፣ አባ ነፍሶ፣ አባ ዳኘው። ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር እንኳ ቃኘው የተባለው በዚሁ በራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው። የመሐል አዲስ አበባ ካርታ በፈረሰኞች ስም የተሞላ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ስሙ ለጌታው ቀርቶ ፈረሱ ከመሐል ወጥቷል። ዛሬ አንድ ሰው ፒያሳ ላይ ቆሞ ስልኩን እያየ «ፈረስ ጠርቻለሁ፤ አምስት ደቂቃ ይላል» ቢል፣ የሚጠብቀው ባለ አራት ጎማ መኪና መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ሜዳውስ? ጃን ሜዳ ከቤቴ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ጉግሱና የፈረስ ውድድሩ የሚካሄድበት ይህ ሰፊ ሜዳ፣ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ በገባ ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ተዛውሮበት ድንችና ቲማቲም ሲሸጥበት መክረሙን የአካባቢው ሰው አይረሳውም። በጥምቀት ጥቂት ፈረሰኞች ብቅ ይላሉ፤ ሕዝቡ ስልኩን ያነሣል፤ ፈረሶቹ ከርችቱና ከድምፅ ማጉያው ጋር እየተጋፉ አንድ ሁለት ጊዜ ይዞራሉ፤ ከዚያ ያበቃል። አባቶቻችን ለሚፎክርና ላልተፈተነ ሰው «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ይሉ ነበር። እኛ ሜዳውን ብቻ ይዘን ቀርተናል፤ እሱንም ቢሆን በግማሽ።

ጉግስን በቴሌቪዥን ብቻ ለሚያውቅ ሰው ጨዋታው ሰዎች በፈረስ የሚሯሯጡበት ትርምስ ይመስላል። ሥርዓቱ ግን ግልጽ ነው። ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው ያሳድዳል፤ አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፤ ሸሺው ደግሞ ፈረሱን ሳያቆም ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል። በአንድ እጁ ልጓም፣ በሌላው ጋሻ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚጋልብ ሰው፣ ወደ ፊት የሚያይለት ፈረሱ ብቻ ነው። ሰውና ፈረስ ምን ያህል እንደሚተማመኑ ከዚህ ጨዋታ የተሻለ የሚያሳይ ያለ አይመስለኝም። እርካቡም ለብቻው ትኩረት የሚሻ ነው፤ በጥንቱ የአገራችን አጋላለብ እግር በሙሉ አይገባበትም፤ ፈረሰኛው ባዶ እግሩን ሆኖ በአውራ ጣቱ ብቻ ትንሿን ቀለበት ቆንጥጦ ይይዛል። ይህን በቅርብ ለማየት ጉጉት ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ።

አሁን ወደ ቅያሜዬ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሟን በማልጠራት ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው አዘጋጅ የተሰናዳ አንድ «የፈረስ ትርዒት» ለማየት ከነቤተሰቤ ሄጄ ነበር። ማስታወቂያው የተዋበ ነበር፤ መግቢያ ከፍለን ገባን፤ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። በመጨረሻ የመጡት ፈረሶች ስድስት ሲሆኑ፣ አምስቱ የጎድን አጥንታቸው የሚቆጠር፣ አፋቸው ዳርና ዳር በልጓም የቆሰለ ነበሩ። ሴት ልጄ፣ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ አንዱን ፈረስ ልትዳስስ ተጠግታ የግላሱን፣ ማለትም የጌጥ ልብሱን፣ ጫፍ ገለጥ ስታደርግ ዝንብ የወረረው ቁስል አየች። ወደ ቤት እስክንመለስ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረስ በጌጥ ተሸፍኖ ሲታይ ከጌጡ በታች ምን አለ የሚል ጥርጣሬ አልለቀቀኝም። የባልደረባዬን ግብዣ ሦስት ዓመት ስገፋ የኖርሁበት ምክንያት፣ ሥራና መንገድ ብዬ የሰየምሁት፣ ሲጠራ ይኸው ነበር።

ይህን የሚያውቅ አንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጅ አለኝ፤ ቢሾፍቱ ተምሮ ለብዙ ዓመታት የጋማ ከብት ሲያክም የኖረ ሰው ነው። ደውዬ ጉዳዩን ስነግረው ሳቀና፣ «ፈረስን ከነኮርቻው አይተህ ምንም አትፈርድም፤ ኮርቻው ሲወርድ ነው የሚታየው» አለኝ። ከዚያም እንደ ተማሪ አስቀምጦ አስረዳኝ። መጀመሪያ ጀርባ ይታያል፤ ኮርቻ የበላው ቦታ ድኖ ፀጉር ሲያበቅል ብዙውን ጊዜ ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ዳማ ወይም ጉራቻ ፈረስ ጀርባው ላይ ነጫጭ ምልክት ካለው፣ ባለቤቱ ባይናገርም የድሮውን ቁስል ፈረሱ ራሱ ይናገራል። ቀጥሎ ጠፍር የሚታሰርበት ቦታ፣ የከንፈር ዳርና ዳር፣ ከዚያም ሰኮናው ይታያል፤ በአገራችን አብዛኛው ፈረስ ብረት ስለማይመታለት ሰኮናው የሚሄድበትን መሬት ዓይነትና የባለቤቱን ትጋት ያሳያል። ዕድሜው ከጥርሱ ይነበባል፤ የፊት ጥርሶቹ ከሁለት ዓመት ተኩል ጀምሮ በየዓመቱ ጥንድ ጥንድ እየተለወጡ አምስት ዓመት ሲሞላው አፉ ሙሉ ይሆናል። በመጨረሻ፣ እንደ እሱ አባባል ከሁሉ የሚበልጠው፣ ባለቤቱ ሲጠጋው ፈረሱ ጆሮውን ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣበቀ ቤቱ ሰላም የለውም።

ይህ ምክር ለውሳኔዬ መለኪያ ሰጠኝ። በዓሉ ሜዳ ላይ ኮርቻ አይወርድም። እንግዲህ ጠዋት ደርሶ፣ ሰልፉንና ጉግሱን አይቶ፣ ማታ የሚመለስ እንግዳ ሊያይ የሚችለው ግላስ፣ ቀይ ክርና አቧራ ነው። ኮርቻው የሚወርደው ማታ፣ በሰው ግቢ ውስጥ ነው።

መለኪያው በጄ ከገባ በኋላ ያለፉ ዓመታት የበዓሉን ቅጂዎች ከስልኬ ላይ እየፈለግሁ ሁለት ማታ ሙሉ አየሁ። ባለቤቴ «ይኸው ቴሌቪዥኑ ያሳይህ የለ፤ ምን ፍለጋ ነው የምትሄደው?» ብላኝ ነበርና፣ ለእሷም መልስ ፈልጌ ነው። በእነዚህ ምስሎች ላይ ፈረሰኞቹ በቡድን በቡድን ሆነው ሲገቡ ማየት በእርግጥ ያስደስታል፤ ደማቁ ግላስ፣ የጋማው ጌጥ፣ የሽማግሌዎቹ አቀማመጥ፣ ከጎረምሶቹ ሽቅድምድም ጋር ሲታይ ልብ ይሞላል። ነገር ግን እንደ አገራችን በዓል ሁሉ ካሜራው ከሜዳው ይልቅ መድረኩን ይወዳል፤ ንግግር ሲጀመር ፈረሱ ከስክሪኑ ይወጣል። አንዱን ቅጂ ብዙ ጊዜ እየመለስሁ ያየሁት ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ነው፤ ከመድረኩ ጀርባ አንድ ጎልማሳ ከፈረሱ ወርዶ፣ ማንም ሳያየው፣ በነጠላው ጫፍ የፈረሱን ዓይን ሲጠርግለት ይታያል። ካሜራው ወዲያው ዞረ። ለባለቤቴ ያሳየኋት ያችን ነው፤ ቀጥሎ የሆነውን ለማየት እንደሆነ ነገርኋት።

በዓሉ ላይ ከተገኙ ሰዎችም ጠየቅሁ። አንዷ የጎረቤታችን ልጅ ለሥራ ሄዳ ደርሳበት ነበር፤ ብርዱንና ሕዝቡን እንጂ ፈረሶቹን ብዙም አላስታወሰችም። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናትና ስለ ብርዱ እውነቷን ነው። ሌላው፣ ከአንድ ቡድን ጋር በአንድ ጀምበር ከባሕር ዳር ደርሶ የተመለሰ ወዳጄ፣ «ደስ ይላል፤ ግን ሁለተኛ አልሄድም» አለኝ። ሦስተኛው አረጋዊ ሲሆኑ፣ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ሳምንት የሰነበቱ ናቸው፤ እሳቸው ስለ ሰልፉ አንድም ነገር ሳይናገሩ ስለ አንዲት የባዝራ ውርንጫ ግማሽ ሰዓት አወሩልኝ። ሦስቱ አንድ በዓል ላይ የተገኙ አይመስሉም። ልዩነቱ በቆዩበት ጊዜና ባደሩበት ቤት ላይ መሆኑን ለመረዳት ሒሳብ ማወቅ አያስፈልግም።

የአዊ ፈረስ ከትርዒት ፈረስ የሚለይበት ዋናው ነገርም እዚህ ላይ ነው። በአብዛኛው የአገራችን ደጋ እርሻ የበሬ ሥራ ነው፤ አዊ ውስጥ ግን በፈረስም ይታረሳል። ባልደረባዬ ይህን የነገረኝ እንደ ተራ ወሬ ነበር፤ እኔ ግን ሹካዬን አስቀመጥሁ። ጥር 23 ግላስ ለብሶ የሚጋልበው ፈረስ በሌላው ወቅት ቀንበር የሚሸከም፣ ድንችና ገብስ ወደ ገበያ የሚያደርስ፣ ሙሽራ የሚያጅብ፣ ባለቤቱ ሲሞት ደግሞ በለቅሶው ሜዳ ላይ የሚቆም ነው። ማኅበሩም ቢሆን ዓመት ጠብቆ የሚሰበሰብ የሰልፍ ቡድን ብቻ አይደለም፤ በሠርግና በኀዘን የሚረዳዳ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ፈረሱን ቢያቆስለው የሚጎዳው የሚቀጥለው ዓመት እርሻው ነው። የእኔ የድሮው አዘጋጅ ግን ፈረሶቹን ለዚያች ቀን የተከራያቸው ሲሆን፣ ቁስላቸው የማንም ዕዳ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የአዊ ኮረብታዎች በተለይም የፋግታ ለኮማ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ዲከረንስ በሚባለው የግራር ዘር ተሸፍነዋል፤ ገበሬው ዛፉን ተክሎ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰል አክስሎ ይሸጠዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ለቡና የምንለኩሰው ከሰል አንዱ ክፍል ከዚያ የሚመጣ ነው። ለአሲዳማው መሬትም ለኪስም ይጠቅማል ይባላል፤ ነገር ግን ዛፍ የለበሰ መሬት የግጦሽ መሬት አይደለም፤ ፈረስ ደግሞ ሣር ይፈልጋል። ፈረሱ ለሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት እንደ ዛሬው በየግቢው ይገኛል ብሎ የሚተማመን ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። «ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ» የሚለው የቆየ ምክንያቴ ከዚህ በኋላ ብዙም አልጣፈጠኝም።

የቀረው የመንገዱ ጉዳይ ነው፤ ይህን ቸል ብሎ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። በሰላሙ ጊዜ በመኪና መሄድን የሚያህል አልነበረም፤ ሌሊት ተነሥቶ ጎሐ ጽዮን ላይ ንጋትን ተቀብሎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ ደጀን መውጣት፣ ከዚያም ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ጥሊሊ እያሉ ኮሶበር መግባት። ኮሶበር የእንጅባራ ሌላ ስሟ ነው። ሆኖም በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በቆየው ግጭት የተነሣ ይህ መንገድ እንደ ቀድሞው ዓይን ጨፍነው የሚሄዱበት አይደለም። ባለቤቴም በዚህ ላይ ድርድር የላትም። የተስማማነው በአውሮፕላን ባሕር ዳር ደርሼ፣ ከዚያ በመርዓዊና በዳንግላ በኩል ያለውን ከ120 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ መንገድ በቀን ብርሃን፣ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ብቻ እንድሄድ ነው። በዋዜማው መንገዱ ሰላም አይደለም ከተባለ ቲኬቱ ይቃጠላል፤ ይህንን ኪሳራ ከወዲሁ ከወጪው ጋር ደምሬዋለሁ። አውሮፕላኑ ከአውቶቡስ ጋር ሲነጻጸር ኪስ ያራቁታል፤ ለበዓሉ ልብስ ሊገዛልኝ ታስቦ የነበረው ገንዘብ ወደዚያ ዞሯል። እኔ እንዲያውም ልብስ መግዛት አልወድም።

ቀኑን የመምረጡ ነገር ደግሞ ከእናቴ ጋር አጋጨኝ። አንድ ቀን ውሎ መመለስ ከንቱ መሆኑን ስለወሰንሁ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሜ መድረስ ነበረብኝ፤ ሁለት ቀን ቀደም ሲባል ጥር 21 ነው፤ ጥር 21 አስተርዮ ማርያም ናት። እናቴ «ለፈረስ ብለህ ማርያምን ጥለህ?» አለችኝ። ማርያምን አልጥልም፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ ከሰዓት በኋላ እበራለሁ አልኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ አባቷ አምባላይ በቅሎ እንደነበራቸው፣ በቅሎዋም ከእሳቸው በቀር ማንንም እንደማታስቀምጥ፣ እሷ ግን በሰባት ዓመቷ ሰርቃ ወጥታባት እንደወደቀች አጫወተችኝ። በአርባ ስምንት ዓመቴ ይህን ታሪክ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ ሁልጊዜ የእሳት ይመስለኝ ነበር።

በጥምቀት ዋዜማ ባልደረባዬ ከአጎቱ ጋር በስልክ አገናኘኝ። ድምፃቸው ጎርናና ነው፤ ሰላምታቸውም ረጅም ነበር፤ ልጆቼን፣ ቤቴን፣ የከተማውን ሰላም፣ የእህል ዋጋውን ሁሉ ጠየቁኝ። እኔም ከዚያ በኋላ እየፈራሁ፣ «አባቴ፣ ከበዓሉ ይልቅ ማታ ማታ ፈረሱ ኮርቻው ሲወርድለት ባይ ደስ ይለኛል፤ ያስቸግርዎታል?» አልኋቸው። ለአፍታ ዝም አሉ። ቅር አሰኝቻቸው ይሆን ብዬ ስሰጋ፣ «እንግዳ ሁሉ ሲጋለብ እንጂ ሲራገፍ አሳየኝ ብሎኝ አያውቅም» አሉና ሳቁ። ፈረሳቸው ቦራ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በአንድ ወገን ኮርቻ በልቶት ያውቃል፤ ያንን ሳልጠይቃቸው ራሳቸው ነገሩኝ፤ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ወዴላ ለውጠው ከዳነ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጥር 22 ከሰዓት በኋላ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ ጥር 23 ማታ ሲመለስ ሳይቀዘቅዝ ውኃ አይሰጠውም፤ ጥር 24 ሙሉ ቀን ያርፋል። «እስከ 25 ካልቆየህ ግን አትምጣ፤ ፈረሱ ሲያርፍ ያላየ ፈረስ አላየም» አሉኝ። ፈረስ መጋለብ እንደማልችል ስነግራቸው ነገሩ ብዙም አላሳሰባቸውም። ጋቢ እንድይዝ ካስጠነቀቁኝ በኋላ፣ ካላስቸገረኝ ለግላሱ ዳር የሚሆን ቀይ የሱፍ ክር ከመርካቶ እንዳመጣላቸው ለመኑኝ፤ እዚያ የሚሸጠው ዝናብ ሲነካው ቀለሙ ይለቅቃል አሉ።

እንግዲህ ከጥር 21 እስከ 25 ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ተፈቅዶልኛል፤ ቲኬቱም ተቆርጧል። ባልደረባዬ መልሱን ስነግረው «ሦስት ዓመት ያዘገየኸኝ ለዚህ ነው?» ከማለት በቀር አስተያየት አልሰጠም።

ክሩን ትናንት ገዛሁ። ነጋዴው አራት ዓይነት ቀይ አወጣልኝና አንዱን በምራቁ አርሶ በነጭ ጨርቅ እየፈተገ ቀለሙ እንደማይለቅቅ አሳየኝ፤ ከዚያም ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ። «ለፈረስ ጌጥ ነው» አልሁት። ክሩን እየጠቀለለ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ጋሼ፣ ሹፌር አይመስሉም እኮ፤ መኪናው ምንድን ነው?» አለኝ።